የሚያለቅሰው ሣጥን

እኛ ከተማ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል ገና መናገር አልጀመረም። የመጀመሪያው «ደህና» ለጠያቂው ነው፣ ሁለተኛው ለፈጣሪ፣ ሦስተኛው ለወሬኛ። እውነቱ፣ ካለ፣ በአራተኛው ዙር «ብቻ ይቺ ወገቤ ትንሽ…» ተብሎ በጓሮ በር ይገባል። ለዚህ ነው ድሬዳዋ ላይ ሁለት ሰዎች መንገድ መሐል ቆመው ሰላም ሲባባሉ የባጃጅ ሹፌር ክላክስ የማያደርገው። ዞሮ ያልፋል፤ ገና ሁለተኛው ላይ እንደሆኑ ያውቃል።

እናቴ ግን ዘንድሮ አራተኛውን ዙር ዘጋችው። ታናሽ ወንድሜ «ጅቡቲ ሥራ ተገኝቷል» ብሎ ከቤት ወጣ። ከሳምንት በኋላ ከባሕሩ ዳር ሆኖ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገሩ እንደሆነ በስልኬ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሳምንታት አለፉ። ሰፈራችን ከዚራ ውስጥ ጎረቤት «ልጁስ እንዴት ነው?» ባለ ቁጥር እናቴ «ጅቡቲ ሥራ ይዟል፣ ተመስገን፣ በጣም ደህና ነው» ትላለች። መልእክቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ታውቃለች። እኔም ስጠየቅ እሷ ያለችውን እላለሁ። እቤት ውስጥ ስሙን መጥራት ሁሉ ትተን ነበር፤ ስሙ ከተጠራ ቀጥሎ «የት ነው?» ይመጣል፣ ለእሱ ደግሞ ሁለታችንም መልስ የለንም። ፈርቼ ነበር። ምሳ ስበላም፣ ሰርቪስ ስጠብቅም፣ ከሰው ጋር ስስቅም ፈርቼ ነበር።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በሰው ኃይል ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ አስተርጓሚውም እኔው ነኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ፊቱ ነው። ሲደሰት ጥርሱን ያሳያል፣ ሲናደድም ጥርሱን ያሳያል። ሰው ሲያባርር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ በሽተኛ ጠያቂ ነው የሚያነጋግረው። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኞቹ «ዛሬስ ደግ ሆኗል» እያሉ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው፣ መርቀውት ይወጡ ነበር። የስንብት ደብዳቤ መሆኑን የሚያውቁት ሰርቪስ ውስጥ ነው።

እሱም የእኛን ፊት ማንበብ አይችልም። ሁለት አብሮ አደግ የማሽን ጥገና ሠራተኞች ነበሩን፤ ጠዋት ሲገናኙ አንዱ «አንተ ሌባ፣ እስካሁን አልሞትክም?» ይላል፣ ሌላው «አንተን ሳልቀብር? አቦ ተወኝ!» ብሎ አንገቱን ያንቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ይህንን በመስኮት አየና ደነገጠ። አስጠርቶ አስታረቃቸው። ሁለተኛ ላይሰዳደቡና ላይነካኩ ቅጽ አስፈረማቸው፤ ቅጹን ያዘጋጀሁትም፣ አስተርጉሜ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። ሰዎቹ ግን ከቢሮው ሲወጡ እያንዳንዱ «ይሄ ነው የከሰሰኝ» ብሎ ጓደኛውን ጠረጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራርፈው ዝም ተባብለው ይተላለፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ባያቸው ቁጥር ደስ ይለዋል። «አየሽ፣ ሰላም ወረደ» ይለኛል።

ሣጥኖቹ የመጡት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ወንድሜ ደግሞ በጠፋ በሰባተኛው ሳምንት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የላካቸው አምስት የፕላስቲክ ሣጥኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቢጫ ፊት ተለጥፏል። አንደኛው ድዱ እስኪታይ ይስቃል፣ ሁለተኛው ፈገግ ይላል፣ ሦስተኛው ምንም አይልም፣ አራተኛው ከንፈሩን ጥሏል፣ አምስተኛው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ከቅርጫት አንድ የተጣለ የሸሚዝ ቁልፍ ያነሳና የዚያን ዕለት ስሜቱን በሚመስለው ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ማን የት እንደጣለ አይጻፍም። በሥራ መውጫ ላይ እኔ እቆጥርና ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ። ሠራተኛው ደስተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው ተባለ።

ሠራተኛውን ሰብስቤ አስረዳሁ። «ዛሬ ምን ይሰማችኋል? እሱን ነው የምትመልሱት» አልኩ። ከኋላ አንዷ «ኧረ ምንም አይሰማን፣ ጤነኞች ነን» አለች። ሌላው እጁን አውጥቶ ጨጓራውን ትንሽ እንደሚሰማው፣ ካርድ የሚያወጣው እኔ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ።

የመጀመሪያው ቀን የሳቁ ሣጥን ሞልቶ ፈሰሰ። የቀሩት አራቱ ባዶ ናቸው፤ ምንም የማይለው ፊት ውስጥ ብቻ አንድ ቁልፍ ነበረች፣ እሷም ስታ የገባች ናት። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንስቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከ። በሁለተኛው ቀንም ሳቅ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ሰው በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር ሲቀቀል ዋለ፤ በማግስቱ ጠዋት አሁንም ሳቅ ብቻ። ያን ጊዜ ጠረጠረ። «ፈርተው ነው» አለኝ። «ምስጢር መሆኑን ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ተኩስ ክፍል የሚሠሩ አንድ አዛውንት፣ ካውያቸውን እንደያዙ፣ «ልጄ፣ ምስጢርነቱ ከሰው ነው» አሉኝ። «ከላይ ካለውስ? ሌሊቱን በሰላም አሳድሮኝ፣ በእግሬ አስመጥቶኝ፣ ጠዋት በር ላይ አኩርፌ ልቀበለው?» ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ሳስተረጉም ጊዜ ወሰደብኝ። መጨረሻ ላይ «ሰውየው ደስተኛ ነኝ ነው የሚለው» አልኩት፤ ከእሱ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን በማለዳ ደረስኩ። ሌሊቱን እናቴ ጓዳ ቆማ፣ ወደ ተዘጋው የወንድሜ ስልክ ስትደውል ሰምቻታለሁ። በቴፕ የተቀዳችው ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላለች፣ እናቴ «እሺ» ብላ ትዘጋለች። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «በጣም ደህና፣ ተመስገን» አለችኝ። ይህንን ይዤ ነው የመጣሁት። በር ላይ ማንም አልነበረም። ቁልፍ አነሳሁና የሚያለቅሰው ሣጥን ውስጥ ጣልኩ። ባዶ ስለነበረ ጮኸ። ዞር ስል የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ የማይተናነስ ሶማሊ ናት። ሁላችንንም «ሆዮ» ነው የምትለን። በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ እናትም መልሳ ልጇን በዚያው ትጠራበታለች። ሥራ አስኪያጁንም ሆዮ ትለዋለች። አየችኝ፣ አንገቷን ደፋችና የወለወለችውን ቦታ እንደገና ወለወለች።

ሥራ አስኪያጁ እንደዚያን ዕለት ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ያ ሁሉ ሳቅ ያላስደሰተው ሰው አንዲት የልቅሶ ቁልፍ በመዳፉ ይዞ «በመጨረሻ!» አለ። «አንድ እውነተኛ ሰው!» ከዚያ ሰውየውን ፈልጌ እንዳመጣ አዘዘኝ። ምስጢር ነው ብለን የለም ወይ ስለው «ምስጢር ነው፣ ግን ልንረዳው ነው» አለ። የክር ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ተጸዳች፤ ሁለት ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባና አንድ ካርቶን ሶፍት ገባባት። በየተራ እያስጠራሁ እንድጠይቅ ቅጽ ተሰጠኝ። እንግዲህ ሌባዋ እኔው ሆኜ የራሴን ዱካ ፍለጋ ተሾምኩ።

ያኔ «እኔ ነኝ» ብል ያበቃ ነበር። ግን እኔ ነኝ ካልኩ «ምን ሆነሽ ነው?» ይመጣል፤ ያንን የምመልሰው ከእናቴ ጋር እንኳ ሳንነጋገርበት ለባዕድ ሰው፣ ያውም በቅጽ ላይ ነው። ዝም ብዬ መጥራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባችው ከስፌት መስመር ናት። «እኔ? አዑዙ ቢላህ» አለች። «ባለፈው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የማድቤቱን ግድግዳ ይዞት ሄደ። በማግስቱ እንኳ የጣልኩት ሳቁ ውስጥ ነው፣ ወላሂ።» ሶፍት መዝዛ ዓይኗን ጠረገች። ቅጹ ላይ «አልጣለችም» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛዋ «እናቴ ገጠር፣ ዋሂል፣ ታማ ተኝታለች፣ ሰው ካላገላበጣት አትዞርም» አለችኝ። «እሁድ እሁድ ሄጄ አጥቤያት እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት እንኳ ሳቁ ውስጥ የምጥል ሰው በሌላው ቀን ላለቅስ ነው?» እሷም አልጣለችም። ካውያ የያዙት አዛውንት መጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አንድም ቀን አላለቀሱም፤ ማታ ቤት ሲገቡ ብቻ ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይቀዳሉ፣ እሱም ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከጥገናዎቹ አንዱ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «እኔ ለምን አለቅሳለሁ? ጓደኛዬ ስላኮረፈኝ? ያኩርፍ አቦ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንደዚህ ስንት ሰው እንደገባ አላውቅም። አንድም የጣለ አልተገኘም፤ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ሁሉም እንዳላለቀሰ እያለቀሰ አስረድቶኝ፣ ቀለል ብሎት ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ «ሰው ካልተገኘ ሶፍቱን ማን ጨረሰው?» ሲለኝ «ላብ ነው» አልኩት። ሙቀቱን ያውቃልና አመነኝ።

ፋብሪካው ግን ነገሩን በዋዛ አላየውም። ከመካከላችን አንድ የሚያለቅስ አለ ተባለ፣ አለ ከተባለ ደግሞ ሳይጠየቅ መቅረት ነውር ነው። ማንነቱ ሳይታወቅ እንዴት ይጠየቃል ብለው ሴቶቹ ሰርቪስ ውስጥ ሲጨቃጨቁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ «ሁሉን ጠይቁ፣ አንዱ እሱ ነው» አለች። ይህንን ስትል እኔን አላየችኝም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የምታየው። በየእሁዱ አራት ሆነው፣ ብርቱካንና ስኳር ይዘው፣ በባጃጅ ይዞሩ ጀመር። ሰው ቤት ይገባሉ፣ «እናንተ ናችሁ እንዴ?» ይላሉ፣ «እኛ አይደለንም፣ እኛማ…» ይባላሉ፣ ሰዓት ተቀምጠው ይሄዳሉ።

በአራተኛው እሁድ እኛ ቤት ደረሱ። በሩን ስከፍት የጽዳት ሠራተኛዋም ከአራቱ አንዷ ናት። እናቴ ደስ አላት፤ ወንበር አወጣች፣ ሻይ ቀዳች። «እንዴት ናችሁ?» «ደህና፣ ተመስገን፣ እናንተስ?» «አልሐምዱሊላህ።» ዙሩን በልቤ እቆጥር ነበር። ልጆችስ ተባለ፣ «ጅቡቲ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው» አለች፣ ሦስተኛው አለቀ። ከዚያ አንዷ የመጡበትን ነገረቻት፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እንዳለ፣ ማን እንደሆነ እንዳልታወቀ፣ ቤት ለቤት እየጠየቁ እንደሆነ።

እናቴ ሳቀች። «እኛ ቤት አልቃሽ የለም» አለች። «ያ ልጅ በባሕር ሄዶ፣ ይኸው ሦስት ወር ድምፁ ጠፍቶ እንኳ፣ እኔ አንድ ቀን አላለቀስኩም።»

በባሕር አለች። «አላለቀስኩም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉም አፍ ሰምቻት ነበር፤ እየሰማሁም «አልጣለችም» እያልኩ ጽፌያለሁ። ከእናቴ አፍ ስትወጣ ግን የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ሴቶቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ማንም «መቼ?» አላለም፣ ማንም «ውይ!» አላለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ተነስታ ከእናቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አዎ ሆዮ፣ አላለቀስሽም» አለቻት። «ዱዓ ላድርግለት። ስሙን ንገሪኝ።»

እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስሙን ጠራችው፤ እኔም ቀጥዬ ጠራሁት። እቤታችን ሶፍት አልነበረም፤ ሴትዮዋ በሻሿ ጫፍ መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የእኔን እንባ ጠረገች።