የሙሽራ ልብስ የለበሰው ተሳፋሪ

ከካቡል ወደ ካንዳሃር ሚኒባስ ስነዳ ከኋላዬ የተቀመጠው የፈረንጅ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሞላው ነው። እኛን ለመምሰል ብሎ ደረቱ በወርቅ ክር የተጠለፈ ነጭ ልብስ ገዝቶ ለብሷል። ያንን እኛ የምንለብሰው በሠርጋችን ቀን ነው።

«ሙሽሪትስ የት ቀረች?» እያሉ ተሳፋሪዎቹ ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በተሰባበረ ፋርሲ፣ «ጦርነቱን በዓይኔ ልይ ብዬ ብቻዬን መጣሁ» አለን።

ደሜ ፈላ። እኛ የምንሞትበትን እሱ ሽርሽር ይመጣበታል! መንገድ የሚዘጉት ታጣቂዎች ቢያገኙት እሱን ለገንዘብ ብለው ያቆዩታል፤ እኛን ግን እዚያው አስፋልቱ ላይ ይደፉናል።

የጋዝኒን ከተማ እንዳለፍን ታጣቂዎች አስቆሙን። ከልጁ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሐጂ ቱራብ፣ አሮጌ ሻላቸውን ከራሱ እስከ ጉልበቱ አከናነቡት።

«የልጅ ልጄ ነው፤ ዲዳ ነው» አሉት ታጣቂውን። አየት አደረገንና አሳለፈን።

ልጁ ገና ጥቂት እንደሄድን ሻሉን ገልጦ ካሜራውን አወጣ። «እነሱ ናቸው አይደል? ትንሽ ወደ ኋላ ብንመለስስ?» አለ፣ ዓይኑ እንደ ዓመት በዓል ልጅ እያበራ። መሪውን ለቅቄ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?» አሉት ሐጂ።

«ጓደኛዬ ቤት የሰነበትኩ ነው የሚመስላት» ብሎ ሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። ካሜራውን ከእጁ ነጠቁና ሻሉን እስከ አፍንጫው ጎተቱበት።

«እንግዲያው እሷ ዘንድ እስክትመለስ ዲዳ ነህ! ትንፍሽ ብትል በጥፊ ነው የማጮልህ!»