ሽሮፑን ያልጠቀስኩበት ምስክርነት

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሰሌዳ ላይ ክሮሞዞም እየሳልኩ «ሃያ ሦስት ጥንድ» ብዬ ጮኬያለሁ፤ ከኋላ ወንበር የሚያወራውን ተማሪም በጠመኔ ስቼ አላውቅም። የራሴ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቷት መቀመጥ ሲያቅታት ደሟ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ ከወራት በኋላ አንዲት ወረቀት መጣችልን። ወረቀቷ ላይ ያለው ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። ሐኪሙ ሊያስረዳኝ ወንበሩን ሳብ ሲያደርግ እኔ ቀድሜ አንብቤው ነበር። ከአንዱ ክሮሞዞም ጫፉ የለም። የበሽታውን ስም ስጠይቀው ስም እንዳልወጣለት ነገረኝ። ሰው «ልጅህን ምን ነካት?» ሲለኝ የምሰጠው አንድ ቃል እንኳ ስለሌለኝ እቆጣለሁ። ድሮም ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቋት።

እኛ ስም ያጣንለትን ነገር ሰፈሩ ስም አላጣለትም። ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን የሚመጣ ሁሉ የየራሱን ምርመራ ያደርጋል። አንዷ በማን ዘር እንደመጣ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ሚስቴ እርጉዝ ሳለች ምን አይታ እንደደነገጠች። ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡ እናት ደግሞ ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ ያልተናዘዝነው ኃጢአት ካለ እንድናስብ መከሩን። ሚስቴ አመስግና ሸኘቻቸው፤ እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልጃችን አራት ዓመት ሲሞላት ይጥላት ጀመር፤ በቀን ሦስት፣ አራት ጊዜ። ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እኛም አጠገቧ ተንበርክከን እስኪለቃት እንጠብቃለን።

የቅዳሜውን የወላጆች ስብስብ ያመጣችልን ሆስፒታል የልጆቹን እጅና እግር የምታሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እንደ እኛ ያለ ልጅ ያላቸውን የስድስት ወላጆች ስልክ ለቅማ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አገናኘችን። ቦታ ያገኘነው በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስለሆነ የምንቀመጠው ለአምስት ዓመት ልጅ በተሠራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ከስድስታችን ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ የሄድኩትም ሚስቴ ሥራ ስለነበረባት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። እዚያ ግን ማንም «በማን ዘር ነው?» አላለኝም። የልጆቻችን ጉድለት የየራሱ ነው፤ ሁለት ወረቀት እንኳ አይመሳሰልም። እናቶቹ ግን ምግብ ሳያንቅ እንዴት እንደሚሰጥ፣ የትኛዋ ነርስ ደም ሥር ቶሎ እንደምታገኝ፣ የትኛው ባጃጅ ነጂ የታመመ ልጅ ሲጫንበት እንደማይነጫነጭ ያውቃሉ። ከእኔ ዲግሪ የእነሱ ዕውቀት በለጠብኝ።

የሽሮፕ ጉዳይም ነበር። የሚጥለውን በሽታ የሚይዘው ሽሮፕ ሀዋሳ ውስጥ አንድ ወር ተገኝቶ ሁለት ወር ይጠፋል። ስለዚህ በየወሩ ከመካከላችን አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ለሁሉም ይዞ ይመጣል። ለማን ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልግ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ደብተሩን ሳይጠይቁኝ ሰጡኝ።

ከእናቶቹ ሁሉ አብልጬ የምቀርበው አንዲትን ወጣት የሲዳማ ሴት ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ልጇ ሲታመም ሥራውን ትታ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመረች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ልጇ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የኔ ልጅ የምትወስደውን ያንኑ ሽሮፕ ይወስዳል። ሲስቅ ድምፅ አይወጣውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ታከብረኛለች። ሌላ ሰው ሲከራከረኝ «መምህር ያሉት ነው» ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ የሚለኝ ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የልጄን የሽሮፕ መጠን ከፍ አደረገው። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ አልጣላትም። ፍርሃቱ አልለቀቀንም፤ ግን ሚስቴ ልብስ ስታጥብ መዘመር ጀመረች።

በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ከዝማሬ በኋላ የምስክርነት ጊዜ አለ። እግዚአብሔር ያደረገለት ሰው ወጥቶ ይናገራል፤ ሥራ ያገኘ፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ፣ ከበሽታ የዳነ። ከዚያ በፊት ግን የሚናገረውን በአጭሩ ለመድረክ መሪው ይነግረዋል። እኔም ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አጠር አድርገው ወንድሜ፤ ክብሩን ለጌታ ስጥ» አለኝ። ይዤ የወጣሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንደኛው፣ ልጄ ሦስት ወር ሙሉ እንዳልጣላት። ሁለተኛው፣ ሽሮፕ እንደምትወስድና እግዚአብሔር በሐኪሞች እጅ እንደረዳን።

አንደኛውን ተናገርኩ። ኪቦርዱ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ይጫወታል፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ኃጢአታችንን እንድናስብ የመከሩን እናት ሁለት እጃቸውን አንስተው ያለቅሳሉ። በልጄ ምክንያት ሰው እልል ሲልልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዓመታት «ምስኪን» እያሉ ሲያዩኝ የኖሩ ሰዎች በዚያች ደቂቃ ቀኑብኝ፤ ጣፈጠኝ። ከእኔ በፊት የመሰከሩትም መድኃኒት ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብጨምር እልልታው የሚበርድ መሰለኝና ማይክራፎኑን መለስኩ። ረስቼው አይደለም። አንድም ቀን ረሳሁት ብዬ ራሴን አላታለልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሚስቴ ልጃችንን እንደታቀፈች «ሽሮፑን አላነሳህም» አለችኝ።

«ሽሮፑንስ የሰጠን ማን ሆነና?» አልኳት፣ ኮስተር ብዬ።

ሰውን ዝም የሚያሰኝ መልስ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ያቺ የሲዳማዋ እናትም ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «መምህር፣ ልቤን አበረቱልኝ» አለችኝ። ደብተሩን አውጥቼ የወሩን ስጽፍ እሷ ጋ ደረስኩ።

«ለእናንተስ? እንደ ወትሮው ሁለት ጠርሙስ ልበል?»

«ለእኛ ይቅር መምህር። አለን።»

ቀና ብዬ አየኋት፤ ፈገግ ብላለች። መጠየቅ ነበረብኝ። ሽሮፕ ተርፎት የሚያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። መድኃኒቱ በድንገት ከቆመ በሽታው ብሶ እንደሚመለስም ሐኪሙ ለሁላችንም ነግሮናል፤ ለእኔማ ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ብጠይቃት እሷም መልሳ ትጠይቀኛለች፤ የእርስዎ ልጅስ ትወስዳለች ወይ ትለኛለች። ከስሟ ፊት ለፊት ሰረዝ አደረግኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። የራሴን ልጅ ድርሻ ድምፅ ሳላሰማ ጻፍኩ።

ሦስት ሳምንት ልጁ ምንም አልሆነም። በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ፊዚዮቴራፒስቷ ደወለችልኝ። ልጁን ጠዋት ጥሎት አልለቅ ብሎት ነበር፤ ባጃጅ ተገኝቶ ሆስፒታል እስኪደርስ ረጅም ሰዓት ሄዷል። ስልኩን ዘግቼ ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ልጁ በማግሥቱ ሞተ።

ድንኳኑ የተተከለው ሽንኩርት በምትሸጥበት በር ላይ ነው። እናቷ በሲዳምኛ ያለቅሳሉ፤ መዘምራኑ በአማርኛ ይዘምራሉ። ባሏ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የቅዳሜዎቹ እናቶች ሁሉም መጥተዋል፤ አንዳቸውም ልጃቸውን ይዘው አልመጡም። እኔ ጎንበስ ብዬ «ጌታ ያጽናናሽ» ስላት እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«መምህር፣ የእርስዎን ምስክርነት የሰማሁ ዕለት ሽሮፑን አቆምኩ» አለችኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ። «ያመንኩ መስሎኝ ነበር። ግን በየቀኑ እፈራ ነበር። ጌታ ፍርሃቴን አየብኝ። የእርስዎ እምነት ሙሉ ነው፤ የእኔ ጎደለ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አይዞሽ» አልኳት። ተማሪ ሲያለቅስ የምለውን ያንኑ አይዞሽ። ከዚያም ለሌላ ለቀስተኛ ቦታ የምለቅ መስዬ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው መናገር ያሳፍረኛል። ብነግራት፣ ልጇን ያሳጣት ሽሮፑን ማቆሟ መሆኑን ታውቃለች፤ ያቆመችውም በእኔ ቃል ነው። ባልነግራት ደግሞ እግዚአብሔር የኔን ልጅ መርጦ የሷን እንደተወ እያመነች ዕድሜዋን ትገፋለች። ማታ አንዱ ይሻላል እላለሁ፣ ጠዋት ሌላው። በመጨረሻ ለመድረክ መሪው ሄጄ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ቁስሏን ለምን ትነካካለህ? ጸልይላት» አለኝ። ቀለል አለኝ። ፈሪ ሰው ፈቃድ ሲያገኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ።

ይህንኑ ይዤ ቤት ስገባ ሚስቴ ለልጃችን ገንፎ እያበላች ነበር። ሰማችኝ፤ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ነገ ካልነገርካት ከነገ ወዲያ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለአሥር ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ፈርቻት አላውቅም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ድንኳኑ ተነስቷል፤ እሷ ሽንኩርትና ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራ ተቀምጣለች። ስታየኝ ባዶ የቲማቲም ሣጥን ገልብጣ «ይቀመጡ መምህር» አለችኝ። ተቀመጥኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«ልጄ ሽሮፑን አቋርጣ አታውቅም» አልኳት። «ያን እሑድ ጠዋትም ሰጥተናት ነው የመጣነው። መናገር ነበረብኝ፤ ሰው እልል ሲልልኝ ደስ ስላለኝ ደበቅኩት። ያንቺ እምነት አልጎደለም። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም። አንዲት ሴት መጥታ ዋጋ ጠየቀች፤ እሷም አንድ መደብ ቲማቲም ፌስታል ውስጥ አድርጋ ሰጠቻት፤ መልሷንም ሰጠቻት። ሴትዮዋ መንገዱን እስክትሻገር ስታያት ቆየች።

«ስንት ሚሊ ነው የምትሰጧት?» አለችኝ።

«አምስት። ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት።»

«የእኔም ልጅ አምስት ነበር።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳችና ወደ ውስጥ ገባች። መሄድ ይኑርብኝ መቆየት አላወቅኩም፤ ሽንኩርቱን ስጠብቅላት ቆየሁ። ስትመለስ ከግማሽ በላይ የቀረ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛለች። ክዳኑ ዙሪያ የደረቀውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቃለች።

«ጊዜው አላለፈበትም» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ለልጅዎ ይውሰዱት። ከእንግዲህ ግን እዚህ በር አይምጡ።»

ተቀበልኳት። ልጄ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።