ሁለት ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ

ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ በወጣሁበት ዋዜማ እናቴ ታማ ከተኛችበት መደብ ተነሥታ እግርሽን ካላጠብኩ አለች። መንገደኛ እግሩ ሳይታጠብ አይሄድም። የእኔ እግር ደህና ነበር፤ ያበጠው የእሷ ነው። ልከለክላት ብሞክር «መንገደኛዋ አንቺ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ከምንጭ በጀርባዬ ያመጣሁትን የእንስራ ውሃ አሙቃ አጠበችኝ። እጣቢውን እንኳ አልደፋችውም፤ ለጓሮው ጎመን አዋለችው። እኛ ስማዳዎች ውሃን እንዲህ ነው የምንይዘው። ይህን የማወራችሁ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ከየት እንደ መጣ እንዲገባችሁ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ የተማሩ። መሄዴን አልወደዱትም፤ ግን የእናቴ ሕመም እያደር ሲብስ እኔ ካልሠራሁ የሚያሳክማት እንደሌለ ያውቃሉ። ጠዋት አውቶቡሱ ሥር ቆመው መረቁኝ፤ ከዚያ ዞር ብለው ተራራውን ያዩ ጀመር።

አዲስ አበባ ላይ ደላላው ፈተነኝ።

«ጋዝ ምድጃ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አውቃለሁ በይ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንስ?»

«አውቃለሁ።»

«ጎበዝ፣ ሠልጥነሻል» አለና ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ።

ዐረብ አገር ሲባል በረሃ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላዬን ይዤ ሄድኩ። የደረስኩባት የአማን ከተማ ግን በጥር በረዶ ይጥልባታል፣ ብርዱ የጋይንትን ውርጭ ያስመሰግናል። ሩዝን በእርጎ ይበሉታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሚያነጋግረው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል፤ ኋላ ስረዳው ለካ «በሞቴ ብላ» እየተባባሉ ነው። በዚያ ብቻ የአገሬን ሰው መሰሉኝ።

አሠሪዬን ማዳም እላታለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አትመታኝም፣ አታስርበኝም፤ በሩን ብቻ ነው የምትቆልፈው። ፓስፖርቴንና ስልኬን የመጣሁ ቀን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ለደህንነትሽ ነው» አለችኝ።

«ከማን?»

«ከመንገዱ።»

መንገዱ ምን እንዳደረጋት አልጠየቅኋትም።

እዚያ ከተማ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ጣራ ላይ ባለው ጋን ይጠራቀማል። የማሞቂያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በርሜል የለውም፤ ታች የኩሽናው በረንዳ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ሣጥን ነው። ቧንቧ ሲከፈት እሳቱ ቦግ ይልና ውሃው እያለፈ ይሞቃል። የማዳም መታጠቢያ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትኩሱ እዚያ እስኪደርስ በቧንቧው ውስጥ ያደረው ቀዝቃዛ ፈስሶ ማለቅ አለበት፣ እሷም ዝም ብላ ትለቀዋለች። ንጹሕ ውሃ! ዐይኔ እያየ እንዴት ይፍሰስ? ባልዲ ደቀንኩ።

በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ይሞላል። ምን ላድርገው ብላት የጓሮውን ሎሚ አጠጪበት ብላ የኋላውን በር ከፈተችልኝ። ሎሚዎቹ አጥሩ ሥር ናቸው። ከአጥሩ ማዶ እንደ እኔ የቤት ሠራተኛ የሆነችው ደብሬ ልብስ ታሰጣለች፤ የእስቴ ልጅ ናት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያደገች። የእሷ ቤት ሰዎች ስልክ አይከለክሏትም፤ አባቴም የሚደውሉት በእሷ ስልክ ነው። የእናቴን ነገር ሁሉ የምሰማው ከደብሬ ነበር፤ ዛሬ እህል ቀመሰች፣ ዛሬ ተቀመጠች፣ ዛሬ ትንሽ ከበዳት። ስምንት ወር ሙሉ የኖርኩት በእነዚያ ሁለት ባልዲዎች ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ሐሙስ ደብሬ ፊቷን ልብሱ ውስጥ እንደ ቀበረች «ነገ ውሃሽን ቀደም አድርገሽ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «የማዶው ቤት ሠራተኛ ትግስትም ትመጣለች። የምናወጋው አለ።»

«ምንድነው እቴ?»

«ነገ» አለች። በዓል ሊያስቡ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የማዳም ልጅ፣ አሜሪካ የሚኖረው መሐንዲሱ፣ ለዕረፍት መጥቶ ነበርና ቤቱን እየዞረ አየ። እኔ ሞኟ በባልዲዎቼ ኮርቼ አሳየሁት። በእኛ አገር ውሃ የቆጠበች ሴት ትመሰገናለች።

«ትኩሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለኝ።

«ሁለት አባታችን ሆይ፣ ከነእመቤቴ ማርያም ሆይ።»

«ምን?»

ቧንቧውን ከፍቼ ጸለይኩለት፤ እሱ ሰዓቱን አየ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ትኩሱ መጣ። «ቶሎ ቶሎ አልሽው» ብሎ ሳቀና ጽፎ ያዘ። ከሻንጣው ትንሽ ፓምፕ አወጣ፤ ለካስ አስቦበት ነው የመጣው። አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ የማዳም መታጠቢያ ሥር ገጠመው። ቁልፉን ስትጫን ፓምፑ ቀዝቃዛውን በሌላኛው ቧንቧ ወደ ማሞቂያው ይመልሰዋል፤ ሙቀቱ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። አንድ ጠብታ አይፈስም። ማዳም «የአንቺ ሐሳብ ነው፣ አላህ ይስጥሽ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

በማግስቱ ባልዲዬ ባዶ ነበር።

«ማዳም፣ ሎሚዎቹን ላጠጣ?»

«ዘበኛው በሳምንት አንዴ በጎማ ያጠጣቸዋል። አንቺ ዕረፊ።»

ዐረፍኩ። የኋላው በር ሳይከፈት ስምንት ቀን ሆነ። ደብሬ ምን ልትለኝ ነበር እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። በዘጠነኛው ቀን የፓምፑን ሶኬት ነቀልኩና ተበላሽቷል አልኩ። ባልዲዬ ይመለስልኛል ብዬ ነበር፤ ማዳም ግን ውሃ ማባከን ነውር ነው ብላ ወዲያው ሽማግሌውን አስጠራች። ነውርነቱንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የተነቀለውን ሶኬት አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እሱም ግብጻዊ ነው፣ ስደተኛ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ «እናቴ ታማለች፣ ስልክ የለኝም» አልኩት። ወደ ታች «መሞከር አለብኝ፣ ጥቂት ይቆያል!» ብሎ ለማዳም ተጣራና ስልኩን ሰጠኝ። ፓምፑም ማጉረምረም ጀመረ።

አባቴ አነሡት። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቀኑ ደግሞ የሥራ ቀን ነው።

«አባ፣ እንደምን አሉ? ሰው በዛ?»

«ማኅበር ነው፣ ልጄ።»

«እማዬን ይስጡኝ።»

«ጠበል ናት።»

«የት ጠበል? ማን አብሯት አለ?»

ጥያቄዬን ትተው «ደብሬን አግኝተሻታል?» አሉኝ።

«አላገኘኋትም። በሩ ተዘግቶብኛል።»

«እንግዲያስ አግኚያት። ብቻሽን አትሁኚ፣ ደብሬን አግኚያት» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። መስመሩ ይሁን እሳቸው አላወቅሁም።

በእኛ ዘንድ መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው። እኔን የሚደግፉኝ ሁለት ሴቶች ከአጥሩ ማዶ ነበሩ። አባቴ ቢጨንቃቸውም ሥርዓቱን አያፈርሱም፤ ይህ በር እስካልተከፈተ ድረስ ማንም ምንም አይነግረኝም።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ቤት ሆኜ ነው፤ ሽማግሌው ሲመጣ አደርስልሻለሁ ብሏል። ውሃው ወዲያው ይሞቃል። የመሪጌታ ልጅ ነኝና ማታ ማታ ስጸልይ ሕሙማኑን በየክርስትና ስማቸው እጠራለሁ፣ ከዚያ ሙታኑን። እናቴን «ወለተ ማርያም» እላለሁ፤ ከየትኞቹ ጋር እንደምጠራት ግን አላውቅም።