መብራት ሲመለስ የሚደገመው ትእዛዝ

ትዕግሥትን ቸልተኛ ብለው ጻፉባት። ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑም በጽሑፍ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የምጽፈው እዚያ ወርክሾፕ አብራችሁኝ ለሠራችሁና ከእኔ በኋላ ለምትገቡት ነው። ነገሩ ከሥሩ ካልተጀመረ ስለማይገባ ከመጀመሪያ ቀኔ እነሣለሁ።

ቃሊቲ ወዳለው ወርክሾፕ የገባሁት ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ነው። እዚያ ከመሥሪያ ቤት የወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ታድሰው ይሸጣሉ፤ የደንበኛ ዕቃም ይጠገናል። የቴክኒክ ኃላፊው ኢንጂነር ያሬድ ብሩሽና ካቻቢቴ ሰጠኝና «እማማ፣ ክዳኑን ፈተው አቧራውን ያራግፉ። ከውስጥ ምንም እንዳይነኩ» አለኝ። ሁለተኛውን ስፈታ የአይጥ ጎጆ አገኘሁ። «ይሄንንስ ልንካው ወይስ ከነቤተሰቡ ይሸጣል?» አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ይህን የምናገረው ያሬድ ጠላቴ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

ከአቧራው ወደ ዲስክ ጠረጴዛ አሳደጉኝ። ዲስክ ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ ኮምፒውተሩ የያዘው ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። የእኛ ሥራ ያረጀውን ዲስክ ወደ አዲስ መገልበጥ ነበር። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ሥዕል የለውም፤ ማውዝም አያውቅም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ ኢንተር ሲመታ ይሠራል። «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ማሽኑ ዲስኮቹን «ኤ» እና «ቢ» ብሎ ይሰይማቸዋል። በትእዛዙ ውስጥ ቀድሞ የሚነበበው፣ ቀጥሎ የሚጻፍበት ዲስክ ስም ይገባል። የሚጻፍበት ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። እኔ በማታ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መመሪያውን በአማርኛ የጻፈልን ያሬድ ነው። በላስቲክ ተለብጦ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ ነበር። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «መብራት ከተቋረጠ ማሽኑን አስነሥቶ ያንኑ ትእዛዝ መድገም።»

በእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚመላለስ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሁላችንም ጠዋት ያረጋገጥነውን ትእዛዝ የወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፈን የስክሪኑ ጠርዝ ላይ እንለጥፍ ነበር። መብራት ሲመለስ ከፕላስተሩ እያየን እንደግማለን። ያሬድም በአጠገባችን ሲያልፍ «ጎበዞች፣ እንደዚህ ነው!» ይለን ነበር።

ትዕግሥት አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ እየተጋፋች ነው የምትመጣው። በሙከራ ላይ ስለነበረች ቋሚ የምትሆንበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። ፕላስተሯን እያንሾካሾከች ደጋግማ ስለምታነብ «አንቺ ልጅ፣ ዳዊት ያዝሽ እንዴ?» እያልኩ እተርባት ነበር። «እማማ ዘነበች፣ እርስዎ ጡረታ አለዎት፤ እኔ ይሄ ብቻ ነው ያለኝ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ስቱዲዮ ያለው ፎቶ አንሺ ዲስኩን አመጣ። ትዕግሥት አሮጌው «ኤ»፣ አዲሱ «ቢ» መሆኑን አረጋግጣ ፕላስተሯን ለጠፈች። ግልበጣው ሳያልቅ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑን አስነሥታ ያንኑ ትእዛዝ ደገመች። ማሽኑ ግን ሲነሣ ስማቸውን ለዋውጦት ነበር፤ አዲሱ «ኤ»፣ የሰውዬው «ቢ» ሆኗል። ያልተሞላውን ዲስክ በሙሉው ላይ ገለበጠችው።

ፎቶ አንሺው ሲነገረው አልጮኸም። «የአባቴም የመጨረሻ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር» ብሎ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ትዕግሥት እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ተነሥቶ የያዛት እሱ ነው። የጨከነባት የራሳችን ቤት ነው። ሥራ አስኪያጇ ሰብለ «በቸልተኝነት የደንበኛ ንብረት አጥፍተሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈችባት። ሙከራዋ ሲያልቅ እንደምትሰናበትም ተነገራት።

ያሬድ ጋ ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣ ስሙ እንደሚለዋወጥ ታውቅ ነበር?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው። ማሽን በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ኮምፒውተር የሚያውቅ ሁሉ።»

«ታዲያ መመሪያውን የጻፍከው ለሚያውቅ ነው?»

«ማረጋገጥ ነበረባታ!»

«አረጋግጣለች። ከዚያ ድገሚ አልካት፣ ደገመች። እኔም ስደግም ነው የኖርኩት። እስካሁን የተረፍኩት ከእሷ በልጬ ነው?»

ከእሱ ዘንድ ወጥቼ ሰብለ ጋ ሄድኩ። ሰብለ በልጄ ዕድሜ ናት።

«እትዬ ዘነበች፣ ለደንበኛው አንድ ተጠያቂ ማሳየት አለብን» አለችኝ።

«አሳዪ። ግን ለምን ከሁሉ ደካማዋን መረጥሽ?»

«መመሪያው እንዲሻሻል አዝዣለሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ይቆያል።»

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መመሪያው ልክ ከሆነ ለምን ይሻሻላል? ልክ ካልሆነ እሷ ለምን ትቀጣለች? ሁለቱን በአንድ አፍ ስትናገር ትንሽ እንኳ አልጨነቃትም።

ያሬድ አዲሱን ረቂቅ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ጮክ ብዬ እንዳነብለትና እኔ የተደናቀፍኩበትን እንዲያስተካክል ነበር። «የዲስኩን መለያ ያመሳክሩ» የሚለው ላይ ቆምኩ። «ምኑን ከምኑ?» አልኩት። አሰበና «ዲስኩ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ስክሪኑ ላይ ያው ቁጥር በየትኛው ስም ፊት እንዳለ ይዩ» ብሎ ጻፈው። ጥሩ ነበር። ሥራውን ሲሠራ ጎበዝ ነው።

ከዚያ መብራቱ ጋ ደረስኩ። «መብራት ከተቋረጠ የቀድሞውን ትእዛዝ በፍጹም አይድገሙ። የዲስኮቹ ስም ተለዋውጦ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያው ያረጋግጡ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ መስመር ያኔ ቢኖር ትዕግሥት ታጠፋ ነበር?»

«አታጠፋም።»

«ይሄንኑ ሰብለ ባለችበት፣ ሠራተኛው ፊት በለው። እስከዚያ አንዲት ፊደል አላነብልህም።»

«እማማ፣ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው?»

«የእሷስ ሥራ አይደለም?»

ሌሎቹ ጋ ይዞ ዞረ። አንድም ሰው አላነበበለትም። ይባስ ብለው ፕላስተራቸውን ከየስክሪናቸው ላጡና አዲሱ መመሪያ እስኪለጠፍ ግልበጣ አንነካም አሉ። ሰብለ እኔን ጠርታ «ሠራተኛውን አሳደሙብኝ» አለች። «እኔ ያልኩት አላነብም ነው» አልኳት።

ትዕግሥት ዛሬ ቋሚ ናት። የሰውዬው ፎቶዎች አልተመለሱም፤ የሚመልሳቸውም የለም። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ለሌላ ሰው ትእዛዝ የጻፈ፣ ትእዛዙ ሲፈጸም ለሚሆነው ይጠየቃል።

ያኔ፣ ግልበጣው በቆመ ማግሥት፣ ያሬድ በሻይ ሰዓት መጣ፤ ሰብለም ከኋላው ነበረች። ሁላችንም ባለንበት ወደ ትዕግሥት ሳይሆን ወደ ሰብለ ዞሮ «እሷ የሠራችው እኔ የጻፍኩትን ነው። ማስጠንቀቂያው በእኔ ስም ይዙር» አላት።