ከቀይዋ ዶሮ ሆድ የወጣው ጠጠር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው፣ የሳይንስ አስተማሪዋ ነኝ።

ያኔ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እትዬ ብርቄ ዘጠኝ ዶሮዎች ነበሯቸው። እንቁላሉን በአብዛኛው የምትበላው ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው ሄርሜላ ናት።

ዶሮዎቹ መታመም ጀመሩ። ይከሳሉ፣ ክንፋቸው ይወድቃል፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ይሆናል። ሰፈሩ በሙሉ «ፈንግል ነው» አለ። እኔም አመንኩ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በውኃ እየበጠበጥኩ አጠጣኋቸው። አራቱ ሞቱ።

አንድ ቅዳሜ ቀይዋ ዶሮ መቆም አቃታት። እትዬ ብርቄ «ሳትሞት ትታረድ» አሉ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን አቶ ደምሴ መጥተው አረዱልን። መበለቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

ዶሮ ጥርስ የላትም። ጠጠር ትውጣለች፤ ጡንቻማው ጨጓራዋ እህሉን የሚፈጨው በዚያ ጠጠር ነው። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሥዕል አስተምራለሁ። ዶሮ ሲበለት ግን ጨጓራው ይሰነጠቅና ጠጠሩ ይደፋል፤ ማንም ልብ ብሎ አያየውም። እኔም ልደፋው ስል ከመሃሉ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ነገር አየሁ። አጠብኩት። ሰባት ፍሬ ነው። በምላጭ ስጫነው ተቆረጠ። ድንጋይ በምላጭ አይቆረጥም። እርሳስ የሚባለው ብረት ነበር።

ከየት እንደመጣ ማወቁ አላስቸገረኝም። አቶ ደምሴ ያረጁ የመኪና ባትሪዎች ይሰብራሉ። በውስጣቸው ያለውን እርሳስ አቅልጠው፣ ለአሣ አጥማጆች መረቡን ወደ ታች የሚያሰምጥ ክብደት ይሠሩበታል። ስብርባሪውን አጥሩ ሥር ይደፉታል፤ ዶሮዎቻችን ሲጭሩ የሚውሉት ደግሞ እዚያው ነው። ፈንግል ቢሆን የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርስ ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ካሉት የጎረቤት ዶሮዎች ግን አንዷም አልታመመችም። በእኛም ግቢ እንቁላል ታቅፋ ከቤት የማትወጣው ዶሮ ጤነኛ ነበረች።

ሰባቱን ፍሬዎች በሳህን ይዤ እትዬ ብርቄና አቶ ደምሴ ወዳሉበት ወጣሁ።

«አቶ ደምሴ፣ ዶሮዎቹን የገደላቸው ይህ ነው» አልኳቸው።

አንዱን አንስተው በጣታቸው አሹት። «ቲቸር፣ ይህን ሃያ ዓመት ስነካው ኖርኩ። ይኸው አለሁ።»

«እርስዎ አይውጡትም። እነሱ ይውጡታል። ከሆዳቸው ወደ ደማቸው፣ ከደማቸው ወደ እንቁላሉ ይገባል። እንቁላሉን ደግሞ ሄርሜላ ትበላዋለች።»

ሳቁ። «ክፍል ውስጥ ያለሽ መሰለሽ እንዴ? ለመናገር እጅ ላውጣ?»

እትዬ ብርቄ አልሳቁም። ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «መብራቴን የሚጠግንልኝ፣ ባለቤቴን አብሮኝ የቀበረ ሰው ነው። በጠጠር ልታጣይን ነው? ካልተመቸሽ ቤቴን ልቀቂ።»

«እለቃለሁ። ሄርሜላን ግን ሐኪም ይያት።»

ከዚያ ሥጋውንና ቅርጫት ውስጥ የነበሩትን ሦስት እንቁላሎች አንስቼ፣ እያዩኝ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፋኋቸው።

«በገዛ ዶሮዬ እንቁላል አንቺ ምን አገባሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ቢበሉት አያገባኝም ነበር፤ የምትበላው ግን ሕፃን ናት» አልኳቸው።

ሌላ ቤት እስካገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በእነዚያ ቀናት በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣና እንቁላሉን ቀድሜ ለቅሜ እደፋለሁ። በምትኩ ፊት ለፊት ካሉት ጎረቤቶች ያመጣሁትን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የእንቁላል ሌባ ተባልኩ። ይባል። እትዬ ብርቄ አያናግሩኝም፤ ያመጣሁትን ግን ይቀቅላሉ።

ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ስወጣ፣ እትዬ ብርቄ ዶሮ እንዳያሾልክ በአጥሩ ርዝመት አሮጌ ቆርቆሮ ያስመቱ ነበር።

«ለፈንግል ነው» አሉኝ ዞር ሳይሉ።

«ለፈንግል ጥሩ ነው» አልኳቸው።

በኋላ ከሰፈር ሰው እንደሰማሁት ሄርሜላን ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ ደህና ናት ተብሏል። አቶ ደምሴ ግን ዛሬም ባትሪ ይሰብራሉ። የሚመለከተው ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጄ አመልክቻለሁ። «የሞተው ዶሮ ነው ወይስ ሰው?» ብለው መለሱኝ። ዶሮ ነው። ሰው እስኪሆን መጠበቅ አለብን? ሦስተኛ ጊዜ እሄዳለሁ፤ አራተኛም ካስፈለገ እንዲሁ።

ይህን ያወራሁላቸው የሥራ ባልደረቦቼ «በሰው ቤት እንዲህ ይደረጋል?» ይሉኛል። አዎን፣ ነውር ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት። ዛሬም እዚያ ግቢ ብኖር፣ ያንን እንቁላል ለሄርሜላ ከመላጡ በፊት እደፋዋለሁ።