የፈረንሳይ ሠራተኞች በወገዳ የስንዴ ማሳ

ሐሙስ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ

ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ሦስት ክረምት የለፋሁበትን የመጽሐፍ ረቂቅ አርታኢዬ መልሳ ልካልኛለች። መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበሩ የፈረንሳይ ሠራተኞች ነው። ሲንዲካሊስቶች ይባላሉ። ፓርቲም መንግሥትም ነፃ አያወጣንም፤ በማኅበራችን ሆነን ሁላችንም በአንድ ቀን ሥራ ብናቆም አሠሪው ይንበረከካል፤ ፋብሪካውንም ራሳችን እናስተዳድረዋለን ይሉ ነበር። እኔ በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝና ጉባኤውንም ውሳኔውንም አንድ ሳላስቀር አስገብቼዋለሁ። እሷ ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ «ሰው የለበትም፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ አስተካክለህ ካላመጣህ ሌላ መጽሐፍ ይቀድምሃል» ብላ ጽፋበታለች።

ንዴቴን ለማን ልንገረው? ወገዳ ለሚያስተምረው የኮሌጅ ጓደኛዬ ለጌታነህ ደወልኩ። ሳቀብኝና፣ «ዓርብ ከሰዓት እኛ ትምህርት ቤት መጥተህ ለአገሬው ተናገር፤ የት ላይ እንደሚያዛጉ ታያለህ» አለኝ። ረቂቁን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ሾፌሩ ሲቆም ሴቶች ቅቅል ድንች በሰሃን ይዘው መስኮቱን ከበቡት። የጉና ድንች ከነልጣጩ በአዋዜ ሲበላ ንዴት ያበርዳል፤ ሁለት ሰሃን በላሁ። ከዚያ ወዲያ ብርዱ ጀመረ። ለንፋስ መውጫ ስሙን ያወጣላት ሰው ያለ ጋቢ የመጣ መሆን አለበት። መናኸሪያው በር ላይ ተሯሩጬ መጀመሪያ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ብገባ ሹፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ አልፈቀደም።

«ጋሼ፣ ተራው የፊተኛው ነው።»

የፊተኛው ሹፌር መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። እየተንቀጠቀጥኩ፣ «ሰው እስኪደርቅ ነው እንዴ የምትጠብቁት?» ብል ሁለቱም ከልባቸው ሳቁብኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

ዓርብ፣ ወገዳ

ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ ወረዳ፣ ወደ ወገዳ የሚሄደው አውቶቡስ መንገዱን በእጅ እንደሚደባብስ ሰው እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ሁለት ቦታ ላይ ወርደን ዳገቱን በእግራችን ወጣን። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ግን ወደ መንገዱ ዞር ብለው እንኳ አላዩም፤ ዓይናቸው ሰማዩ ላይ ነበር። «የኅዳር ደመና ደግ አያመጣም ልጄ» አሉኝ። እኔ ስለ ንግግሬ እንጂ ስለ ደመናው አላሰብኩም።

ስደርስ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተርታ ከተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮችና ከዘበኛው በቀር ማንም የለበትም። ጌታነህ አንገቱን እያከከ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ማሳ ወርዷል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፣ ሰኞ የኅዳር ሚካኤል። ሦስት ቀን ማጭድ አይነሣም። ዛሬ ያልታጨደ ስንዴ ዝናብ ያበላሸዋል።»

«የማን ስንዴ?»

«የወይዘሮ ጥሩወርቅ። ባሏ ዘንድሮ ነው የሞተባት። ስንዴው ከተበላሸ የዓመት ቀለቧ ሄደ ማለት ነው።»

ተያይዘን ወረድን። አጫጆቹ የወንፈል ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ የሚያነሡ አሥራ አንድ ቤቶች። ጥሩወርቅ እስካሁን ተራ በደረሳቸው ቤቶች ማሳ ሁሉ ራሷ ስታጭድ ቆይታለች፤ ዛሬ ተራው የሷ ነው። አለቃቸው አያ ውቤ ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ወገባቸው ገና ያልጎበጠ ሽማግሌ። ቀርቤ እጅ ብነሣ ማጭድ ሰጡኝ።

«እንግዳ ሳይሠራ አይቆምም መምህር። አፍዎ ግን ነፃ ነው፤ ይንገሩን።»

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደልኝ። የፈረንሳይ ማዕድን ቆፋሪ በቀን ስንት ሰዓት መሬት ውስጥ እንደሚውል ስናገር ከንፈር መጠጡልኝ። የስምንት ሰዓት ሥራ ይበቃናል ብለው መነሣታቸውን ስናገርም፣ አንዱ «ስምንት ሰዓት? ታዲያ ከብቱን ማን ያጠጣል?» ብሎ አሳቀን። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስደርስ ግን ስሜት ያዘኝ፤ ቀና አልኩና ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቼ፣ «አስቡት! አንድ ቀን ሁሉም እጁን ቢያጥፍ!» አልኩ። ሁሉም ቀና አለ። ሁሉም እጁን አጠፈ። ማሳው ጸጥ አለ፤ እኔ በንግግሬ ኮራሁ።

«መምህር» አሉ አያ ውቤ፣ «አድማው ገብቶናል። አሁን ወደዚያ ይዩልን፤ ደመናው ሥራ አላቆመም።»

ያን ቀን እንደ ሳቁብኝ በሕይወቴ ተስቆብኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘግቼ አጨድኩ። የእኔ ረድፍ ከሁሉም ኋላ ቀረ፤ ጎኔ ያለችው ልጅ እግረ መንገዷን የኔንም ታነሣልኝ ነበር።

የባቄላ ስልጆና እንጀራ ቀምሰን እንደተነሣን የሞተር ድምፅ መጣ። ባለሱቁ ደሳለኝ ነው፤ እሱም ከወንፈሉ አንዱ ቤት ነው፤ ተራው ማክሰኞ ነው። ማሳው ከቦዩ ወዲያ ነው፤ የጥሩወርቅን ሁለት እጥፍ ያህላል። ከሞተሩ ሳይወርድ ተናገረ።

«ማክሰኞ ለእኔ ምን ይተርፈኛል? አሁን ተሻግራችሁ የእኔን አንሡልኝ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የቀን ሠራተኛን ዋጋ እጥፍ እዚሁ በእጁ እሰጣለሁ።»

ሁለት ጎልማሶች ተያዩ። አልፈረድኩባቸውም፤ የበዓል ሰሞን ነው፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ግማሾቹ ቢሄዱ ግን የቀረው ስንዴ እንደማያልቅ ለእኔ ለጀማሪው እንኳ ግልጽ ነበር። ጥሩወርቅ ቀና አላለችም። ብቻ ፈጥና ማጨድ ጀመረች።

አያ ውቤ ወደ አጫጆቹ ዞረው፣ «ተራው የማን ነው?» አሉ።

መጀመሪያ ጎኔ ያለችው ልጅ «የጥሩወርቅ!» አለች። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር «የጥሩወርቅ!» ሆነ። ሁለቱ ጎልማሶችም ጮኹ፤ ትንሽ ዘግየት ብለው።

«ሰማህ ደሳለኝ? ማጭድ ይዘሃል?»

ደሳለኝ ከሞተሩ ወረደ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ሞተሩ ላይ ጣለና ማጭድ ተቀብሎ ገባ። ለካ ጎበዝ አጫጅ ኖሯል! ነዶው ተሰብስቦ ተከምሮ ሲያልቅ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበርና ሁላችንም ቦዩን ተሻግረን የእሱን ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ ወረደ፤ የሐምሌ ዝናብ ነው የሚመስለው። የደሳለኝ ስንዴ ግማሹ ተኛ። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ እንደሚመጡለት ነግረውት ተለያየን፤ ጥሩወርቅ፣ «እኔ ቀድሜ እገኛለሁ» ስትለው ሰማኋት።

ቅዳሜ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር

«ግማሽ ቀን አጭደሃል» አሉኝ አያ ውቤ ከቅዳሴ በኋላ። ላቤን ካዩ ወዲህ አንቱታውን ትተውልኛል። «ወንፈል ነውና ግማሽ ቀን ይመለስልሃል። ማሳ የለህም፤ ሥራህ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«እንግዲያ አንብበው። ግማሽ ቀን እንሰማሃለን።»

እውነትም ተቀምጠው ሰሙኝ። የጉባኤ ውሳኔዎቹ ላይ አያ ውቤ አንኮራፉ፤ ገጹን ምልክት አደረግኩበት። የሠራተኞች ቤት ያልኩት ክፍል ላይ ግን ነቁ። በየከተማው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ቤት ነበር፤ ሥራ የሌለው ሥራ ይፈልግበታል፣ መንገደኛው ያርፍበታል፣ ማታ ማታም ይማሩበታል። «ይህን ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ጦርነት ቢነሣ ሥራ አቁመን እናስቀረዋለን፣ ወንድሞቻችን ላይ አንተኩስም ይሉ የነበሩት ሰዎች፣ ጦርነቱ ሲመጣ አድማው ሳይጠራ አብዛኞቹ ዘመቱ።

ጥሩወርቅ ተናገረች።

«እኔ አልፈርድባቸውም። ደመና ሲመጣ ሁሉም የራሱን ያያል። ትናንት እኮ እኔም ቀና ያላልኩት ፈርቼ ነው፤ አጫጆቹ ሲሄዱ እንዳላይ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እዚያው ያስቀራቸው መሐላ አይደለም። አሥር ጊዜ አብረን አጭደናል።»

ለሦስት ክረምት የፈለግኩትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። በማግስቱ ሰንበትን ጌታነህ ቤት ሆኜ ያንኑ ሳሰላስል ዋልኩ።

ሰኞ፣ በእስቴ በኩል ወደ ቤት

የሚካኤል ዕለት ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚሄደው መኪና ነጭ በለበሰ ሰው ጢም ብሎ፣ ዝማሬው ከሞተሩ ድምፅ በልጦ ነበር። ከተማው ውስጥ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ጋ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ፈለግኩ። አምስት ቆመዋል። ከፊት የቆመውን ራሴ ፈልጌ ገባሁ።

ቤቴ ገብቼ ረቂቁን እንደ አዲስ ጀመርኩት። አያ ውቤ ያንኮራፉበትን አወጣሁ፣ የሠራተኞቹን ቤት ወደ ፊት አመጣሁ። ድሮ ታላቁ አድማ የሚወለደው ከንግግርና ከውሳኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው በክፉ ቀን የሚተማመነው በደግ ቀን ተራ ከጠበቀለት ጋር ነው።

ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት ጌታነህ ደወለ። «አያ ውቤ ልከውኛል። መስማታችን ለማጨድህ ነበር፣ ያ አልቋል ይላሉ። መጽሐፉን ማቃናታችን ግን ሌላ የግማሽ ቀን ዕዳ ነው። የእሳቸው ገብስ የሚታጨደው የፊታችን ሐሙስ ነው።»

ሐሙስ ማለት አርታኢዬ የቆረጠችልኝ ቀን ዋዜማ ነው። ገበያ ወጥቼ ጥሩ ማጭድ ገዛሁ፤ ከዚያ ደወልኩላት።

«ሁለት ቀን ልዘገይ ነው።»

«ሌላ መጽሐፍ ይቀድምሃል ብዬሃለሁ! አሁን ደግሞ ምን መጣ?»

«ይቅደም» አልኳት። «ተራው የአያ ውቤ ነው።»