ታንኳው እስኪደርቅ

ባለቤቴ «ታንኳ እንግዛ» ሲለኝ ሳቅኩበት። እኔ የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ ብርድና ጭጋግ እንጂ ሐይቅ አላውቅም። እሱ ግን ጣና ዳር ተወልዶ፣ በዓሣ ሥራ አርባ ምንጭ ተመድቦ መጥቶ፣ እኔን አግብቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ጡረታ እንደወጣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን አስነቅሎ አልጋ አስገባበት፣ የቡታጋዝ ምድጃ አስቀመጠ፤ እኔም ለመስኮቶቹ ከዶርዜ ሸማኔ መጋረጃ አሠራሁለት። የሴቻ ሰፈር ጎረቤቶቻችን «ቤታችሁ ጎማ አወጣ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብን ጀመር። ሐሳቡ ከሐይቅ ሐይቅ እየዞርን፣ በየሄድንበት እያደርን፣ መጨረሻ ላይ ጣና መድረስ ነበር። ለዚህ ደግሞ ጣሪያው ላይ የሚጫን ትንሽ ታንኳ የግድ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ችግሩ እጆቹ ነበሩ። የቀኝ እጁ ጡንቻ መክሳት የጀመረው ሥራ ላይ እያለ ነው። ሐኪሙ እየደከመ እንደሚሄድ፣ ወደ ግራውም እንደሚሻገር ነገረን። «መድኃኒት የለውም?» ብዬ ስጠይቀው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴ አንድ ሕግ አወጣ።

«ታንኳው ሁለታችን ብቻ አንስተን የምንጭነው መሆን አለበት» አለኝ። «በየሐይቁ ዳር ‹እባካችሁ አንሡልኝ› እያልኩ አልዞርም። ማንሳት ያቃተኝ ቀን ጉዞው ቀረ፤ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ቤት መቀመጥ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ እንኳ ቤት ውሎ የማያውቅ ሰው ነው።

መጀመሪያ ያየነው አንድ ሎጅ ሊሸጠው ያወጣውን የፋይበር ጀልባ ነው። ሰማያዊ፣ የሚያምር ነገር። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ያዝንና አነሣን፤ ጉልበታችን ላይ ሳይደርስ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄ ታንኳ አይደለም፣ አልጋ ነው» ብሎ ተሳደበና ወጣ። ሻጩ ምን እንዳስቀየመው ሳይገባው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ቀጥሎ ሲቀላ ሰፈር አንድ ነጋዴ ዘንድ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ አገኘን። ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እኔ በአንድ እጄ አንጠለጠልኩት። ደስ ብሎኝ ልከፍል ስል እሱ ፊቱን አዞረ።

«አንዲት እሾህ ትበቃዋለች። ደግሞስ በአየር ላይ ተቀምጬ ምን ልሆን?»

«አንተ የምትፈልገው ታንኳ አይደለም፣ ጣናን ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰው ፊት ነበር፤ ተናድጄ ነበር።

«አዎ» አለኝ። አዎ የሚልን ሰው ምን ይሉታል? ተከትዬው ወጣሁ።

ሦስተኛውን ያገኘነው ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ከእሱ ጋር ለዓመታት ከሠራ አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ነው። ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቀላል እንጨት ግንዶቹን ጎን ለጎን አስሮ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ የሠራው አጭር ታንኳ ነበር። አነሣነው። ከወገባችን አለፈ፣ ከትከሻችን አለፈ፣ ጣሪያው ላይ አረፈ። ባለቤቴ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። እኔም እንባዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ይጠጣል» አለ ዓሣ አጥማጁ። «ሲጠጣ ከባድ ነው። ማቆም ነው፣ ፀሐይ ያደርቃል፣ ከዚያ ይቀላል።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የእኛም አገር የደንገል ታንኳ እንደዚሁ ነው» አለው ባለቤቴ።

የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ ታንኳውን አውርደን ዓሣ አጥማጁ ዘንድ፣ ዳሱ ስር ተውነው። ዝናቡም ቶሎ አላለፈም። በዚያ መካከል የሸሚዙን ቁልፍ እኔ መቆለፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የላይኛዋን ብቻ ነበር፤ በኋላ ሁሉንም። ሳየው እያለቀብኝ ነበር፤ በምን ይዤ እንደማስቀረው አላወቅኩም።

መንገዱ ሲደርቅ ሚኒባሱን ጫንን። ውሃ በጀሪካን፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆጮ ያዝን፤ እኔ እየነዳሁ ጫሞ ዳር ደረስን። ዳሱ ስር ታንኳው ደርቆ፣ ነጣ ብሎ ጠበቀን። እኔ ወዲያው የኋላውን ጫፍ ያዝኩ።

«ቆይ» አለኝ። «ሳልሞክረው አልጭነውም።»

ደረቁን ነገር ለምን ውሃ ውስጥ እንደሚከት አልጠየቅኩትም። ዓሣ አጥማጁ ገፋለት፤ በራሱ ታንኳ ከጎኑ ሆኖ አጀበው። ባለቤቴ መቅዘፊያውን በግራ እጁና በብብቱ ይዞ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ሲዞር ቆየ። ስሜን እየጠራ «እይኝማ!» ይለኝ ነበር። ሲመለሱ ዓሣ አጥማጁ እየጎተተ አወጣው፤ ታንኳው በእርግጥም ከብዶ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ዳር ያለ ሾላ ዛፍ ላይ አስደግፈን አቆምነው። እስኪደርቅ እዚያው፣ ከውሃው ራቅ አድርገን ባቆምነው ሚኒባስ ውስጥ እናድራለን ተባለ።

ፀሐዩ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ነው። እንጨቱ መልሶ ነጣ። በየማለዳው ባለቤቴ ታንኳውን መሬት ላይ ያስተኛል፣ የፊቱን ጫፍ ይይዛል፣ «አንሺ» ይለኛል። እኔ አነሣለሁ። የእሱ ጫፍ ከመሬት አይላቀቅም።

«ገና ነው፣ አልደረቀም» ይለኛል።

አንድ ማለዳ የእኔ ጫፍ እጄ ላይ እንደ ባዘቶ ቀለለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገታትረዋል፤ ከንፈሩን ነክሷል። ጣቶቹ ከእንጨቱ ስር ገብተዋል እንጂ አልያዙም። ዓሣ አጥማጁን ልጥራው? ሕጉን አውቃለሁ። «ደርቋል» ልበለው? ያኔ ዛሬውኑ ወደ ሴቻ እንመለሳለን፣ ሚኒባሱም ግቢ ውስጥ እንደቆመ ይቀራል።

«አልደረቀም አይደል?» አለኝ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።

«አልደረቀም» አልኩት። «የእኔም በኩል ከባድ ነው።»

ከምሳ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ጋደም አለ። እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቅኩ። ከዚያ ለመንገድ የያዝነውን የውሃ ጀሪካን ቀስ ብዬ አወረድኩና ታንኳው ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ በተለይ በእሱ ጫፍ በኩል። ደረቁ እንጨት ውሃውን ወዲያው ወዲያው ይጠጣው ነበር።

ዓሣ አጥማጁ መረቡን እየጠገነ ያየኛል።

«እትዬ፣ እንደዚህ ከሆነ መቼ ሊደርቅ ነው?» አለኝ።

ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩ።